ከነጋሪት እስከ ቴሌግራም፦ ሕዝብን መስማት ማለት ለሕዝብ መልስ መስጠት ማለት ነው

(የፓርቲው ዋና ጸሐፊ ለከተማ ነዋሪዎች ያደረጉት ንግግር ሙሉ ቃል)



ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ቤት፣ ስለ ውሃና መብራት፣ ስለ ሥራ አጥነት ማኒፌስቷችን በየምዕራፉ አቋማችንን ዘርዝሯል። ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ከእነዚህ ሁሉ የሚቀድም ነው። መንግሥት በቤታችሁ፣ በመሬታችሁና በግብራችሁ ላይ ሲወስን እናንተን የሚሰማው እንዴት ነው? ከሰማስ በኋላ በሰማው ነገር ምን ያደርግበታል? ይህ ጥያቄ በአግባቡ ካልተመለሰ የትኛውም ፓርቲ፣ የእኛም ጭምር፣ የሚገባው ቃል ከወረቀት አያልፍም።

በእኛ እምነት የአገራችን መንግሥታት ለሕዝብ መናገሪያ መሣሪያ አጥተው አያውቁም። የጎደለው ሌላ ነገር ነው። ሕዝብ ለተናገረው ነገር መንግሥት መልስ የመስጠት ግዴታ ኖሮበት አያውቅም። መሣሪያው ስብሰባም ይሁን ኢንተርኔት፣ መልስ የመስጠት ግዴታ እስካልተጨመረበት ድረስ ሕዝብን ማሳተፍ ሊባል አይችልም። የዛሬው ንግግራችን ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

፩. ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ድምፅ

በቀድሞው ዘመን የመንግሥት ቃል ለሕዝብ የሚደርሰው በነጋሪት ነበር። በገበያ ቀን ነጋሪት ይጎሰማል፣ አዋጅ ነጋሪው «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይላል፣ ሕዝቡም ሰምቶ ወደየቤቱ ይሄዳል። ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ የአገሪቱ ሕጎች የሚታተሙበት ጋዜጣ «ነጋሪት ጋዜጣ» መባሉ ይህንኑ ልማድ ተከትሎ ነው። «ነጋሪት» የሚለው ስምም እስከ ዛሬ አልቀረም። ከስሙ ጋር ልማዱም አብሮ መቆየቱ ግን ሊያሳስበን ይገባል።

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን፣ ማለትም ቀበሌን፣ አቋቋመ። በአዋጁ ላይ ሲታይ ቀበሌ ነዋሪው ራሱን የሚያስተዳድርበት ማኅበር ነበር። አመራሩን ነዋሪው እንዲመርጥ፣ ከ100 ብር በታች የሚከራዩ ቤቶችን ማኅበሩ እንዲያስተዳድር፣ በገቢውም ሰፈሩን እንዲያለማ ታስቦ ነበር። ይሁን እንጂ ብዙም ሳይቆይ ቀበሌ የነዋሪው አፍ መሆኑ ቀርቶ የመንግሥት ዓይንና ጆሮ ሆነ። የራሽን ካርድ፣ መታወቂያ፣ መሸኛ፣ የቤት ውል ሁሉም ከአንድ ቢሮ ስለሚወጣ፣ ሰው በስብሰባ ላይ ከመናገሩ በፊት ነገ ወደዚያው ቢሮ እንደሚሄድ ማሰብ ግድ ሆነበት። በመንግሥት ለውጥ የቀበሌ ስም ተቀይሮ በአንዳንድ ከተማ ወረዳ ቢባልም፣ ይህ ፍርሃት ከስሙ ጋር አብሮ አልተቀየረም።

ቴክኖሎጂ ሲመጣም ነገሩ ከዚህ የተለየ አልሆነም። በ1990ዎቹ ማብቂያ ገደማ «ወረዳኔት» የተባለው መረብ ሲዘረጋ ወረዳዎችን ከክልልና ከፌዴራል መንግሥት ጋር በምስል ስብሰባ አገናኘ። በጊዜው ለአንድ ድሃ አገር ትልቅ ሥራ ነበር። ግን በዋነኛነት ያገለገለው ባለሥልጣናት ከማዕከል ሆነው ለበታቾቻቸው መመሪያ እንዲሰጡበት ነበር። የወረዳው ነዋሪ በዚያ መስኮት ጥያቄውን ወደ ላይ የሚያቀርብበት ሥርዓት አልተዘረጋለትም። ዛሬ ደግሞ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የፌስቡክ ገጽና የቴሌግራም ቻናል አለው። ማስታወቂያው ይወጣል፣ የኃላፊው ጉብኝት በፎቶግራፍ ይታያል፣ ነዋሪው ከሥሩ «ውሃ ከጠፋብን ወር ሆነን» ብሎ ይጽፋል። የሚመልስለት ግን የለም። ነጋሪቱ ቆዳ መሆኑ ቀርቶ ስልክ ሆኗል። የሚጎስመው ግን ዛሬም አንድ ወገን ብቻ ነው።

፪. አስቀድሞ የተጻፈ የአቋም መግለጫ

ውድ ወገኖቻችን፣

ስብሰባ ምን እንደሚመስል ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ጥሪው ሲመጣ ረቂቁን አስቀድሞ ያነበበ ሰው የለም። አጀንዳው በአዳራሹ ውስጥ ይነገራል። ከመድረክ ረጅም ማብራሪያ ይሰጣል፣ ለጥያቄ የሚቀረው ጊዜ ያጥራል፣ ጥያቄዎች አሥር አሥር እየተደረጉ ይሰበሰቡና «በጥቅሉ» ይመለሳሉ። በመጨረሻም «እኛ የስብሰባው ተሳታፊዎች» ብሎ የሚጀምር የአቋም መግለጫ ይነበባል። መግለጫው የተጻፈው ከስብሰባው በፊት ስለሆነ በስብሰባው የተነገረው ነገር ሊገባበት አይችልም። በማግስቱ ዜናው «ሕዝቡ ተወያይቶ በሙሉ ድምፅ ደገፈ» ይላል።

ከዚህም በላይ ወደዚያ አዳራሽ ለመምጣት የማይችለው ሰው ብዙ ነው። ጉልት የምትቸረችር እናት ቦታዋን ትታ ከመጣች የዕለት እንጀራዋ ይቀራል። የቀን ሠራተኛው፣ የታክሲ ረዳቱና የጥበቃ ሠራተኛው በሥራ ሰዓት መቅረት አይችሉም። ተከራይ ደግሞ በከተሞቻችን ብዙ ሆኖ ሳለ «የሰፈሩ ነዋሪ» ተብሎ አይጠራም። በመሆኑም በአዳራሹ ውስጥ የተሰማው ድምፅ የከተማው ድምፅ ነው ለማለት ያስቸግራል።

እንዲህ ያለው አሠራር ምን ያህል እንደሚያስከፍል አገራችን በሚገባ አይታዋለች። የአዲስ አበባና በዙሪያዋ የሚገኙ የኦሮሚያ ከተሞች የተቀናጀ ማስተር ፕላን የሚመለከታቸው ገበሬዎችና ነዋሪዎች በቅጡ ሳይመክሩበት ተዘጋጀ። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ተቃውሞ ተነሣ፣ በኅዳር 2008 ዓ.ም. ደግሞ በሰፊው ተቀጣጠለ። ብዙ ወጣቶች ሕይወታቸውን አጡ። በጥር 2008 ዓ.ም. ፕላኑ ተሰረዘ። በመጀመሪያ ሕዝቡን በጠረጴዛ ዙሪያ ቢሰሙት ኖሮ በመጨረሻ በሬሳ ላይ ቆሞ መሰረዝ ባላስፈለገ ነበር።

በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተጀምሮ ወደ ሌሎች ከተሞች የተስፋፋው የኮሪደር ልማትም ይህንኑ ጥያቄ እንደገና አምጥቶብናል። መንገድ መስፋቱን፣ የእግረኛ መሄጃ መሠራቱን፣ መብራት መተከሉን እኛ አንቃወምም። የምንቃወመው እንደ ፒያሳ ባሉ አሮጌ ሰፈሮች ለአርባና ለሃምሳ ዓመት የኖረ ሰው የቤቱን መፍረስ ከመወሰኑ በኋላ መስማቱን ነው። ይህ ሰው ቤቱን ብቻ አይደለም ያጣው። እድሩን፣ ጎረቤቱን፣ የሥራ ደንበኛውንና የልጆቹን ትምህርት ቤት ጭምር አጥቷል። እነዚህን በካሣ ተመን ውስጥ የሚያስገባ ባለሙያ ሊኖር የሚችለው ነዋሪው አስቀድሞ ሲጠየቅ ብቻ ነው።

፫. ኮምፒዩተር ብቻውን ግልጽነትን አያመጣም

አንዳንድ ሰዎች የዚህ ሁሉ መድኃኒት ዲጂታል አሠራር ነው ይላሉ። መንግሥት በሰኔ 2012 ዓ.ም. «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተባለውን ስትራቴጂ አጽድቋል። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ጀምሯል። በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. «መሶብ» የተባለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት በአዲስ አበባ ተከፍቷል። ወረፋ የሚያሳጥር፣ ጉቦ የሚቀንስ አሠራር ሁሉ ጠቃሚ ስለሆነ እኛም እንደግፈዋለን። ሆኖም ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። ፓስፖርት ወይም ንግድ ፈቃድ ቶሎ ማግኘት ጥሩ አገልግሎት ነው። ቤቴ ይፍረስ ወይስ አይፍረስ በሚለው ላይ ቃሌ መሰማቱ ግን መብት ነው። የመጀመሪያው ስለተሻሻለ ሁለተኛው ተሟልቷል ማለት አይደለም።

ኮምፒዩተር ብቻውን ግልጽነትን እንደማያመጣ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከ25 ሺሕ በላይ ለሆኑ የጋራ መኖሪያ ቤቶች በኮምፒዩተር ዕጣ ወጣ። በቀናት ውስጥ የከተማው አስተዳደር ራሱ በመረጃው ላይ ማጭበርበር መፈጸሙን አስታውቆ ዕጣውን ሰረዘው። ለዓመታት ከደመወዙ ቀንሶ የቆጠበው ተመዝጋቢ ዕጣው እንዴት እንደሚወጣ አስቀድሞ የሚያይበት፣ የሚጠይቅበት መንገድ አልነበረውም። እስቲ ይህን ከሰፈራችን ዕቁብ ጋር እናስተያየው። በዕቁብ ስም የተጻፈበት ወረቀት በሁሉም ፊት ይጠቀለላል፣ በሁሉም ፊት ይነቀነቃል፣ ሕፃን ልጅ ተጠርቶ ያወጣል። መተማመኑ የመጣው ከወረቀቱ አይደለም፤ ሁሉም እያየ ከመደረጉ ነው። በኮምፒዩተርም ቢሆን ይህን ማድረግ ይቻላል። የጎደለው ፈቃደኝነቱ ነው።

ሌላው ነገር በሩ ራሱ በመንግሥት እጅ መሆኑ ነው። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የስልክ አጭር የጽሑፍ መልእክት ተዘግቶ እስከ 2000 ዓ.ም. መባቻ ድረስ ቆየ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋረጠ። በትግራይ ከ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ ለሁለት ዓመት ያህል ሕዝቡ ከስልክም ከኢንተርኔትም ተለይቶ ኖረ። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ሌሎችም ታግደው ነበር። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለአንድ ዓመት ያህል ጠፋ። መንግሥት ሲፈልግ በሚዘጋው በር ብቻ ከሕዝብ ጋር እነጋገራለሁ ቢል፣ ሕዝቡ ከሁሉ ይልቅ መናገር በሚፈልግበት ሰዓት በሩን ተዘግቶ ያገኘዋል። ባለ ቁልፍ ስልክ የያዙ አረጋዊ፣ የኢንተርኔት ካርድ መግዣ የሌላት የቤት ሠራተኛ፣ ማንበብ የማይችል ወንድማችን ደግሞ በሩ ክፍት በሚሆንበት ጊዜም ከውጭ ናቸው።

፬. በእጃችን ያለ ሥርዓት

ከተሞቻችን መንግሥት ያላስተማራቸው፣ እናንተ ራሳችሁ ያቆማችሁት የመሰማማት ሥርዓት አላቸው። እድር ማለታችን ነው። እድር ሊቀ መንበር፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው። መተዳደሪያ ደንብ አለው፣ ቃለ ጉባኤ ይይዛል። ገንዘብ ያዡ የገባውንና የወጣውን በአባላት ፊት ያነባል። ካላነበበ ይጠየቃል፣ መልሱ ካላረካ ይወርዳል። ባለጸጋውም ሆነ ሊስትሮው የሚከፍለው መዋጮ እኩል እንደሆነ ሁሉ ሲሞት የሚተከለው ድንኳንም ያው ነው። አባል አስተያየት ሰጥቶ «ለምን አልተፈጸመም?» ብሎ በሚቀጥለው ወር ሊጠይቅ ይችላል። የእኛ ማኒፌስቶ ከማዘጋጃ ቤት የሚጠይቀው አንድ እድር ለአባላቱ ከሚያደርገው የበለጠ አይደለም።

ነገር ግን የቆየውን ሁሉ እንከን የለሽ አድርገን ልናቀርብ አንፈልግም። በብዙ እድሮች ሥራውን የሚሸከሙት ሴቶች ሆነው ሳለ በአመራሩ ውስጥ የሚታዩት ጥቂት ናቸው። አዲስ የመጣ ተከራይ ከእድር ውጭ ይቀራል። በሽምግልና ወጣት ሲናገር «ልጅ ለትልቅ ይሰማል» ይባላል። እንዲሁም ባለፉት መንግሥታት ዘመን እድሮችን የፖለቲካ መሣሪያ ለማድረግ ያልተሞከረበት ጊዜ የለም። ስለዚህ እኛ የምንለው እድር መንግሥት ይሁን አይደለም። እድር ነጻነቱ ተጠብቆ፣ ነዋሪው ከሚሰማባቸው በሮች አንዱ ሆኖ በሕግ ይታወቅ ነው የምንለው። ለወጣቱ ስልኩ፣ ለእናቶች እድሩ፣ ለጉልት ነጋዴዋ እርሷ ወዳለችበት ገበያ የሚመጣ መዝጋቢ ያስፈልጋል። በሮቹ የሚያደርሱት ግን ወደ አንድ መዝገብ መሆን አለበት።

፭. ሕጉ ምን ይላል?

«ይህ ሁሉ ምኞት ነው» ለሚሉን መልሳችን ሕጉን ገልጦ ማሳየት ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል። በአንቀጽ 43 ንዑስ አንቀጽ 2 ደግሞ ዜጎች በተለይ አባል የሆኑበትን ማኅበረሰብ በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ያረጋግጣል። ስለዚህ ነዋሪውን ማማከር የባለሥልጣን ደግነት አይደለም።

በ2000 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590 መረጃ የተጠየቀ መሥሪያ ቤት በ30 ቀናት ውስጥ እንዲመልስ አዟል። መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ የሚከፈለውን ካሣ የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ሲወጣ፣ ባለይዞታዎች መሬቱን ከማስረከባቸው ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ስለ ልማቱ ዓይነት፣ ጥቅምና ሂደት እንዲወያዩ አድርጎ ነበር። አንድ ዓመት! ይህን ቃል ቤታቸው ከፈረሰባቸው ሰዎች ፊት ቆሞ ማንበብ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለእናንተ አንነግራችሁም።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ ለከተማ ነዋሪ ትኩረት የሚያሻው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ነው። ሁላችንም በየቢሮው «መመሪያው አይፈቅድም» ተብለን ተመልሰናል። መመሪያውን እንይ ስንል ግን አይገኝም፤ አዋጅና ደንብ በነጋሪት ጋዜጣ ሲታተሙ መመሪያ በመሳቢያ ውስጥ ይኖር ነበርና። ይህ አዋጅ መመሪያ የሚያወጣ ተቋም ረቂቁን ይፋ አድርጎ የሕዝብ አስተያየት እንዲቀበል፣ ከጸደቀ በኋላም ተመዝግቦ በድረ ገጽ ላይ ካልወጣ ተፈጻሚ እንዳይሆን ደነገገ። ዜጋም በአስተዳደር ውሳኔ ቅር ከተሰኘ ወደ ፍርድ ቤት እንዲሄድ በር ከፈተ። መልካም ሕግ ነው፤ ማን እንዳወጣው ሳናይ እናመሰግናለን። ጉድለቱ ግን ሁለት ነው። የክልል ከተሞች ማዘጋጃ ቤቶች ከዚህ የፌዴራል አዋጅ ውጭ ናቸው። በድረ ገጽ ብቻ የወጣ ረቂቅንም የሚያነበው የሕግ ባለሙያና ጋዜጠኛ ነው እንጂ መመሪያው የሚነካት ባለ ሱቅ አይደለችም።

፮. ከሌሎች ልምድ

በብራዚል ፖርቶ አሌግሬ በተባለችው ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ነዋሪዎች በየሰፈራቸው እየተሰበሰቡ የከተማው የልማት በጀት ለየትኛው ሥራ እንደሚውል ይወስኑ ነበር። የመረጧቸው ተወካዮች አፈጻጸሙን ይከታተሉ፣ አስተዳደሩም ያለፈው ዓመት ምን እንደተሠራ ለስብሰባው ያስረዳ ነበር። ድሆች ሰፈሮች ውሃና የፍሳሽ መስመር ያገኙት በዚህ መንገድ ነው። በዚያው አገር ቤሎ ኦሪዞንቴ የተባለችው ከተማ እ.ኤ.አ. በ2006 ይህንኑ በኢንተርኔት ሞከረች፤ ከ170 ሺሕ በላይ ሰዎች ድምፅ ሰጡ። እ.ኤ.አ. በ2008 በድምፅ ያሸነፈው ሥራ ግን ሳይሠራ ቀረ። በ2011 እንደገና ሲጠሩ የመጣው ሰው ጥቂት ሆነ። ሕዝብ አንድ ጊዜ ከተታለለ መሣሪያው ምንም ያህል ቢራቀቅ ተመልሶ አይመጣም።

ጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2010 ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት የሕዝብ ተሳትፎን የአስተዳደር መርሕ አደረገች። በሐምሌ 2024 የይግባኝ ፍርድ ቤቷ የ2023ቱን የፋይናንስ ሕግ ውድቅ ሲያደርግ፣ ከምክንያቶቹ አንዱ ፓርላማው የሕዝብን አስተያየት ተቀብሎ ለምን እንደተወው አለማስረዳቱ ነበር። በጥቅምት ወር ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያንን ውሳኔ ሻረው። ክርክሩ ለእኛ ትልቅ ትምህርት አለው። ፍርድ ቤት እንዲህ እንዲል ብቻ መጠበቅ አይበቃም፤ ምክንያት የመስጠት ግዴታ በግልጽ በሕግ መጻፍ አለበት።

፯. ፓርቲያችን ምን ያደርጋል?

ከመረጣችሁን የሚከተሉትን እንፈጽማለን። በአንዳንድ ምክር ቤት ብቻ ካሸነፍን ደግሞ በዚያው ምክር ቤት ረቂቅ አድርገን እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ቤትን፣ መሬትን፣ ታሪፍን፣ የከተማ ግብርንና መንገድን የሚመለከት ማንኛውም ውሳኔ ከመጽደቁ ቢያንስ ከ30 ቀናት በፊት ይፋ ይሆናል። ማስታወቂያው በአንድ ገጽ፣ በነዋሪው ቋንቋ፣ ያለ ቢሮ ቃላት ይጻፋል። በድረ ገጽ ይወጣል፣ በወረዳ ወይም በቀበሌ ሰሌዳ ይለጠፋል፣ ለእድሮች ይላካል፣ በሬዲዮ ይነበባል።

ሁለተኛ፣ ነዋሪው በነጻ የስልክ መልእክት፣ በጽሑፍ፣ በእድሩ ቃለ ጉባኤ ወይም በቃል ለመዝጋቢ አስተያየቱን ያቀርባል። ለእያንዳንዱ የመዝገብ ቁጥር ይሰጠዋል። ስብሰባዎች ሠራተኛው በሚችልበት ሰዓት ይደረጋሉ፤ ተከራይም እንደ ባለቤት ይጠራል።

ሦስተኛ፣ ውሳኔው ሲወጣ ከመልስ ጋር ይወጣል። መልሱ የቀረቡት አስተያየቶች ምን እንደነበሩ፣ የትኞቹ ተቀባይነት እንዳገኙ፣ ያልተቀበልናቸውን ለምን እንዳልተቀበልን በጽሑፍ ያስረዳል። ፈርሞ የሚያወጣውም ስሙ የታወቀ ኃላፊ ይሆናል።

አራተኛ፣ ይህ ሥርዓት ሳይፈጸም የተሰጠ ውሳኔ በፍርድ ቤት የሚሻር ይሆናል። ነዋሪዎች በተናጠልም ሆነ በእድራቸው አማካይነት መክሰስ ይችላሉ።

አምስተኛ፣ በስብሰባ መገኘትም ሆነ መቅረት፣ መደገፍም ሆነ መቃወም ከመታወቂያ፣ ከቤት ወይም ከማንኛውም አገልግሎት ጋር አይያያዝም። የአስተያየት ሰጪው ስልክ ቁጥር ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ለማንም አይተላለፍም። ኢንተርኔትንና ስልክንም በቃል ትእዛዝ መዝጋት በሕግ ይከለከላል።

ስድስተኛ፣ ከማዘጋጃ ቤት የካፒታል በጀት የተወሰነውን ክፍል ሰፈሮች ራሳቸው እንዲመድቡት እናደርጋለን። በጥቂት ወረዳዎች ጀምረን ውጤቱን እያየን እናሰፋዋለን። ገንዘቡ የት እንደዋለ በየዓመቱ በነዋሪው ፊት ይነበባል፤ ልክ እንደ እድር።

፰. ለሚነሡብን ጥያቄዎች

«ይህ ሁሉ ልማትን ያዘገያል» የሚሉ አሉ። አዎን፣ አንድ ወር ይወስዳል። ተሠርቶ የፈረሰ አጥር፣ ተቆፍሮ የተተወ መንገድ፣ በሕዝብ ቁጣ የተሰረዘ ፕላን የሚያባክነው ጊዜ ግን ከአንድ ወር እጅግ የበዛ ነው። እሳትና ጎርፍን ለመሰለ ድንገተኛ አደጋ ልዩ ድንጋጌ ይኖራል፤ የሪባን መቁረጫ ቀን መቃረቡ ግን እንደ አደጋ አይቆጠርም።

«በማኅበራዊ ሚዲያ የሚጮኸው ሕዝብ አይደለም፤ ከውጭ ሆኖ የሚያራግብ ነው» የሚሉም አሉ። በሐሰተኛ ስም የሚጽፍ፣ ጥላቻ የሚዘራ መኖሩን አንክድም። ለዚህ መፍትሔው ኢንተርኔትን መዝጋት አይደለም። መዝገብ ያለው፣ መልስ የሚሰጥበት ሕጋዊ በር ሲከፈት ሰው ጩኸቱን ትቶ ወደ በሩ ይመጣል። ጩኸት የሚበዛው መልስ በሌለበት ቦታ ነው።

«እናንተስ ሥልጣን ስትይዙ ታደርጉታላችሁን?» ለሚለው፣ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የእያንዳንዳችሁን ሐሳብ እንቀበላለን ብለን ቃል አንገባም፤ ያ የማይቻል ነው። አንዱ ሰፈር መንገዱ በእርሱ በኩል እንዲያልፍ ሲፈልግ ሌላው አይፈልግም። የምንገባው ቃል፣ ሐሳቡ ያልተወሰደለት ሰው ምክንያቱን በጽሑፍ ያገኛል የሚል ነው። ይህን ባናደርግ የምትከሱን በራሳችን ሕግ ነው። ለዚህም ነው ቃላችንን በንግግር ብቻ ሳንተወው በዚህ ጽሑፍ አትመን የምንሰጣችሁ።

የተከበራችሁ መራጮች፣

ድምፃችሁን ከመስጠታችሁ በፊት በአካባቢያችሁ የሚወዳደረውን ማንኛውንም እጩ፣ የእኛንም ጨምሮ፣ ሦስት ነገር ጠይቁት። ቤቴን የሚመለከት ውሳኔ ከመወሰኑ በፊት እንዴት እሰማለሁ? የተናገርኩት የት ይመዘገባል? ካልተቀበላችሁኝ ምክንያቱን በጽሑፍ የሚሰጠኝ ማን ነው? ለእነዚህ ጥያቄዎች ግልጽ መልስ የሌለው እጩ፣ ማኅተሙ የእኛም ቢሆን፣ ድምፃችሁ አይገባውም።

መልስ የሚሰጥ መንግሥት ለማቆም በምርጫው ቀን የመራጭነት ካርዳችሁን ይዛችሁ ወጥታችሁ ድምፃችሁን እንድትሰጡ፣ የሰጣችሁትም ድምፅ በትክክል መቆጠሩን በሰላም እንድትከታተሉ በአክብሮት እንጠይቃለን።



ኢትዮጵያ ለዘለዓለም ትኑር!